እንጥፍጣፊ

ተክለሃይማኖት ጀርባ፣ ከሙክታር ደጃፍ፣
ሲሊንደር ቆሟል በተራ፣ እንደ ቀበሌ ሰልፍ።
በካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል ተጽፏል፦
«ኦክስጅን የለም። ፋብሪካው ቆሟል።»

ለምን እንደ ቆመ፣ መልሱ እንደ ጠያቂው፤
ላንዱ «መለዋወጫው ጉምሩክ ነው ያለው»፣
ላንዱ «ዶላር ጠፍቶ»፣ ላንዱ «መብራት ጠፍቶ»፤
እኔን ሲያይ ግን ሳቀ፣ ሒሳቡን ትቶ፦
«ደሞ አንተ መጣህ? ባሕር በሌለበት
ለመስመጥ እንዲህ ነው ሰው የሚለፋበት?»

እውነቱን ነው። ቅዳሜ ቢሾፍቱ እወርዳለሁ፤
የሎጁ ቱቦ ሐይቅ ውስጥ ፈንድቷል፣ እጠግናለሁ።
ሃያ ስምንት ሜትር ታች። በተራ አየር ከሄድኩ
ብሎኑ ሳይላላ ሰዓቴ ይጮኻል፤
«ውጣ» ሲባል ደግሞ ያልሰማ ይጎዳል።
ከመቶ ሃያ አንድ፣ እግዜር ለሁሉ ያለው፤
ከመቶ ሠላሳ ሁለት፣ እኔ የምመኘው፤
ለአሥራ አንዷ ልዩነት
ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናሁ።

ከፊቴ፣ ጎጃም በረንዳ የሚሠራ በያጅ፣
ክንዱን ብልጭታ የነቀሰው ልጅ።
ከኋላዬ ትርሲት፣ ሲሊንደሯን አቅፋ፣
በፎጣ ጠቅልላው፣ እንደ አራስ ደግፋ።
አንዱ ለእሳት ሽቶት፣ አንዷ ለአባት ሳንባ፣
እኔ ደግሞ ይዤው ውሃ ውስጥ ልገባ፤
አንድ ጋዝ አሰለፈን።

«ስንት ደቂቃ ቀረው?» አልኳት፤
ጠላቂ ሌላ ጥያቄ የት ያውቃል?
«እቤት ያለው እስከ ማታ» አለች፣ «ከዚያ…»
ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል ፎጣው ውስጥ ደበቀችው።

«ሙክታር፣ ባዶዎቹ የታሉ?»
«ባዶማ ባዶ ናቸው።»
«ባዶ የሚባል የለም። አፉን ዘግተው የመለሱት ሁሉ
እታች ጥቂት ይተርፈዋል።»
ከቦርሳዬ የመዳብ ቱቦዬን አወጣሁ፤
ነጭ አንገት ያላቸውን፣ የሐኪም ቤቱን ብቻ፣
ለየን። አሥራ አራት።

እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ።
የበያጁን ልጅ ግሪስ ስለነካው ገፋሁት።
ትርሲት መብራት ልታበራልኝ ስትጠጋ ሸተተኝ፦
«ቅቤ ተቀብተሻል?»
አፈረች፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።
«ራቅ በይ እህቴ፤ ኦክስጅንና ቅቤ
ተገናኝተው በሰላም ውለው አያውቁም።»
በያጁ ሳቀ። እሷም፣ ከሩቅ።

ከደሃው ጀመርኩ። ሕጉ እንዲያ ነው፦
መጀመሪያ ሦስት ባር ያለው፣ ቀጥሎ ዘጠኝ፣
የተሻለው መጨረሻ።
ቫልቩን በጥፍር ልክ፣ ቀስ፣ ቀስ፤
ይህ ጋዝ ሲያጣድፉት ይሞቃል፣ የሞቀ ይቆጣል።
ስስስ ይላል ቱቦው። ሰልፉ ዝም አለ፤
የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል ከውጭ፣
እኛ መርፌ እያየን ነው።

ሃያ ስድስት ላይ ቆመች።
አራት ሰዓት ከሃያ፣ በደቂቃ አንድ ሊትር ከሆነ።
«ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥህ» አለች፤ አይበቃትም።

ሙክታር አየኝ።
ጓዳው ውስጥ፣ ከጆንያው ስር፣ በአደራ ያስቀመጥኳት
የኔዋ አለች፤ ዘጠና ባር፣ ለቅዳሜ።
እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሌላ ማንም አያውቅም።
ምንም አላለም፤ ክፉ ሰው፣ አፉን ዘግቶ
ቁልፉን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ደግነት እንዳትሉት። ብዙ ቆምኩ።
ቱቦውን ጠቀለልኩ፣ መልሼ ፈታሁ፣
መርፌ ቆማ ማየት የማይችል ሙያ ስላለኝ ነው።

ሁለት ሲሊንደር ሲገናኝ እኩል ይካፈላል፤
ኦክስጅን ዘመድ አያውቅም፣ አያደላም።
ለሷ ሃምሳ ስምንት፣ ለኔ ሃምሳ ስምንት።
ለሷ እስኪነጋ፣
ለኔ ከመቶ ሃያ አምስት፣ ግማሽ ምኞት፤
ቅዳሜ ግማሹን ብሎን እፈታለሁ።

ወደ ማታ ቸርችልን ሽቅብ ስወጣ፣
ይህ ከተማ ከባሕር ርቆ፣ ከፍ ብሎ፣
አየሩ በተፈጥሮው ስስ፣ ጉልበቴም እያረጀ፣
ፖስታ ቤት ጋ ደረቴን ይዤ ቆምኩ።
ተነፈስኩ። ደግሜ ተነፈስኩ።
ማንም ባር አልቆጠረብኝም።